ፒዲኤፍ የማያነበው ቀመር፣ «ዝለለው» የሚባለው ግራፍ፦ ስለ ኮሌጅ ሒሳብና አካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ለጠየቃችሁን

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ በሚገኝ ኮሌጅ የአንደኛ ዓመት ሒሳብ አስተምራለሁ። ዘንድሮ ማየት የተሳነው ተማሪ ደርሶኛል። ሞጁሉን በፒዲኤፍ ሰጥቼው ነበር፤ «ላፕቶፔ ግማሹን አያነብም፣ ያነበበውም ትርጉም አይሰጥም» ይለኛል። የብሬል ማተሚያ የለንም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ተማሪዎ እውነቱን ነው። በመጀመሪያ ፒዲኤፉ ምን ዓይነት እንደሆነ ይለዩ። በማውስ አንድ መስመር ለመምረጥ ይሞክሩ። መስመሩ አልመረጥ ካለ፣ ገጹም እንደ ፎቶ ከሆነ፣ ስካን የተደረገ ነው፤ ስክሪን ሪደሩ (የስክሪኑን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነበው ፕሮግራም) ከሱ አንድ ፊደል አያገኝም። ጽሑፉ ከተመረጠ ቃላቱ ይነበባሉ፣ ሒሳቡ ግን ይፈርሳል። ፒዲኤፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ፊደሉ ገጹ ላይ የት እንደተቀመጠ ነው፤ ከፍ ብላ የተጻፈችው 2 «ስኩዌር» መሆኗን አይይዝም። ስለዚህ ኤክስ ስኩዌር «ኤክስ ሁለት» ተብሎ ይነበባል፤ የክፍልፋዩ መስመር ድምፅ ሳያሰማ ያልፋል። √(9 + 16) ሲነበብ ሩቱ እስከየት እንደሚሸፍን ካልተነገረ መልሱ 5 ይሁን 19 ተማሪው በምን ያውቃል? ሁለቱንም ሊያሰላ ይችላል፤ ስህተቱ የሱ አይደለም።

ፒዲኤፉን ለመጠገን አይድከሙ። ሞጁሉ የተጻፈበትን የወርድ ወይም የላቴክ (ሌላ የሒሳብ ጽሑፍ ማዘጋጃ) ፋይል ከትምህርት ክፍሉ ያግኙ። በወርድ ከሆነ እያንዳንዱ ቀመር በወርዱ የራሱ የኢኩዌዥን ሳጥን መጻፍ አለበት፤ አልትን ይዘው የእኩል ምልክቱን ሲጫኑ ሳጥኑ ይከፈታል። ብዙ ጊዜ ሥራውን የሚያበላሹት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ከሌላ መጽሐፍ ፎቶ ተነሥቶ የተለጠፈ ቀመር ነው፤ እንደገና ከመጻፍ ሌላ መፍትሔ የለውም። ሁለተኛው ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2018 ባስወገደው አሮጌ የኢኩዌዥን መሣሪያ የተጻፈ ቀመር ነው፤ ለዓይን ደህና ይመስላል፣ ለስክሪን ሪደር ግን ሥዕል ነው። ሦስተኛው ፋይሉን በወርድ 97–2003 ቅርጸት ማስቀመጥ ነው፤ ይህ ቀመሮቹን በሙሉ ወደ ምስል ይቀይራቸዋል፣ በዚያ ቅርጸት እያሉም ሊታረሙ አይችሉም። ስለዚህ ሁልጊዜ በአዲሱ ቅርጸት ያስቀምጡ።

ቀጥሎ ፋይሉን ፓንዶክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ወደ ኤችቲኤምኤል፣ ማለትም ወደ ድረ ገጽ ቅርጸት፣ ይለውጡት። ትእዛዙ ላይ ማትኤምኤል የሚለውን ምርጫ መጨመር አይርሱ፤ ካልጨመሩት ቀመሩ ተራ ጽሑፍ ሆኖ ይወጣና ድካምዎ ከንቱ ይሆናል። ማትኤምኤል ክፍልፋዩ የት ጀምሮ የት እንዳበቃ፣ ሩቱ ምን እንደሚሸፍን በግልጽ ይይዛል። ፋየርፎክስ በቀጥታ ያነበዋል፤ ክሮምም እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ያነበዋል። ፋይሉ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ በፍላሽ ይሰጡታል፣ ኔትወርክ በጠፋበት ቀንም ይሠራል።

ተማሪው በነፃ የሚገኘውን ኤንቪዲኤ የተባለ ስክሪን ሪደር የሚጠቀም ከሆነ ቀመር የሚያነብለት ማትካት የሚባል ተጨማሪ መኖሩን ያረጋግጡ። ቀመሩ ላይ ሲደርስ ኢንሰርት፣ አልትና ኤምን አንድ ላይ ይጫናል፤ ከዚያ በቀስት ቁልፎቹ ወደ ቀመሩ ውስጥ ገብቶ ላይኛውን፣ ታችኛውን፣ ሩቱን ለየብቻ ይሰማል። ለመውጣት ኤስኬፕ ይጫናል። ረጅም ቀመር አንዴ ተሰምቶ አይያዝም፤ እርስዎም ሰሌዳው ላይ ያለውን መልሰው መላልሰው ያዩታል። ይህ በቁራጭ በቁራጭ መስማት ለሱ ያንኑ ዕድል ይሰጠዋል።

ሞጁሉን በሙሉ ከመለወጥዎ በፊት አንድ ገጽ ብቻ ያዘጋጁ፤ ማትሪክስ፣ በክፍልፋይ ውስጥ ክፍልፋይ፣ ሊሚት፣ እና ከሎጂክ ምዕራፍ «ለሁሉም» እና «ይኖራል» የሚሉት ምልክቶች ይኑሩበት። ተማሪው ያዳምጥና የሰማውን መልሶ ይንገርዎ። በስፔስና በታብ ተደርድሮ ማትሪክስ የመሰለ ነገር እዚህ ላይ ይጋለጣል፤ ቁጥሮቹ ያለ ረድፍና ያለ አምድ በአንድ መስመር ይንጋጋሉ። የምዕራፍ ርዕሶችንም ፊደል በማድመቅ ሳይሆን በወርዱ የርዕስ ስታይል ያድርጓቸው፤ ተማሪው «ኤች»ን እየተጫነ ከርዕስ ወደ ርዕስ የሚዘለው ያኔ ነው።

ብሬልን አይተዉት። ስሌትና ስታይለስ (የብሬል መጻፊያ ሰሌዳና መውጊያ) ካለው ቁልፍ የሆኑትን ቀመሮች ራሱ ይጽፋል። የትኛውን የሒሳብ ብሬል እንደተማረ ግን ቀድመው ይጠይቁት። ኔሜት በሚባለው የሒሳብ ብሬል አጻጻፍ 1 ቁጥር ነጥብ 2 ናት፣ በተዋሐደው የእንግሊዝኛ ብሬል ደግሞ ነጥብ 1። ተማሪው በአንዱ ተምሮ ፈተናው በሌላው ከመጣ ጎበዙም ይሳሳታል።

ክፍል ውስጥ «ይህንን ወዲህ ስናሻግረው» የሚለውን ንግግር ይተዉ። «ከሁለቱም ወገን 3 እንቀንሳለን»፣ «ክፍልፋይ ጀመረ፣ ላይ ኤክስ ሲደመር 1፣ ታች 2፣ ክፍልፋይ አበቃ» ይበሉ። ወደ ኋላ የተቀመጡትም ይጠቀማሉ። የመጽሐፍ ባለመብት ፈቃድ የሚያሳስብዎ ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የተፈረመውን የማራካሽ ስምምነት ኢትዮጵያ በ2020 አጽድቃለች፤ የስምምነቱ ዓላማ የታተመ ጽሑፍ ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች ተደራሽ ቅጂ ማዘጋጀት እንዲቻል ነው።

ጥያቄ፦ ከሐረር ነው የምጽፈው። ማየት የተሳነው ወንድሜ ካልኩለስ ይማራል። ግራፍ ሲመጣ «አንተ ዝለለው» ይባላል። ቤት ውስጥ ልሠራለት እችላለሁ?

መልስ፦ ትችያለሽ እህታችን፣ ደግሞም ሥሪለት። ግራፍ የዘለለ ተማሪ ሊሚትንና ዴሪቬቲቭን በቃል ብቻ ነው የሚይዘው፤ «ዝለለው» ማለት የትምህርቱን ግማሽ መንፈግ ነው።

ከመኪና ግርግር ልብስ ሰፊዎች ዘንድ ቅድ በጨርቅ ላይ የሚያስተላልፉበትን ባለ ጥርስ ትንሽ ጎማ ፈልጊ። ወረቀቱ በካሬ ሜትር ከ120 እስከ 160 ግራም የሚመዝን ጠንካራ ይሁን፤ የተለመደው የፎቶ ኮፒ ወረቀት ይቀደዳል። ከሥር አራት እጥፍ ጨርቅ ወይም ስስ ላስቲክ አንጥፊ፤ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ነጥቡ አያብጥም።

አሁን ዋናው ነገር፦ ጥርሱ ሲጫን ነጥቡ የሚያብጠው በወረቀቱ ሌላ ገጽ ነው። ስለዚህ ከጀርባ፣ ግራና ቀኙን ገልብጠሽ መሥራት አለብሽ። ይህን ከዘነጋሽ ወደ ላይ የሚወጣው መስመር ሲዳሰስ ወደ ታች የሚወርድ ይሆናል፤ ወንድምሽ ትክክለኛውን ግራፍ እየዳሰሰ የተሳሳተ ስሎፕ ይማራል። ማምለጫው ቀላል ነው፦ ፊት ለፊት በደማቅ እስክሪብቶ ሥይው፣ በመስኮት ብርሃን ላይ ገልብጠሽ ከጀርባ ቅጂው፣ ከዚያ ጎማውን በዚያ ላይ አስኪጂ።

ዋይ እኩል ይሆናል ኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ 4 የሚለውን እንውሰድ። አንዱን አሃድ 1.5 ሳንቲ ሜትር አድርጊው። ኤክስ ከ−3 እስከ 3 ስትሄድ 9 ሳንቲ ሜትር፣ ዋይ ከ−4 እስከ 5 ስትሄድ 13.5 ሳንቲ ሜትር ይወስዳል፤ ኤ4 ወረቀት ላይ ይበቃል። ሁለቱን አክሲሶች ከፊት በኮላ በተጣበቀ ሲባጎ አድርጊያቸው፣ ከርቩን በጎማው። ጣት ሁለቱን የሚለየው በስሜታቸው ነውና አንድ ዓይነት አታድርጊያቸው። ከርቩ ኤክስ አክሲስን በሚቆርጥባቸው −2 እና 2 ላይ፣ ታችኛው ጫፍ −4 ላይም የኮላ ጠብታ አኑሪና አድርቂው። የብሬል ቁጥር ከመስመሩ ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር ይራቅ፤ ከተጠጋ ነጥቦቹ ከከርቩ ጋር ይቀላቀላሉ። የካሬ መስመሮችን ጨርሶ ተያቸው።

ስትሰጪው መጀመሪያ በቃል ንገሪው፦ ወረቀቱ የተቀመጠው በቁመቱ ነው፣ መነሻው እዚህ ነው። ጣቱን መነሻው ላይ አኑሪለት፣ በሁለት እጁ ይሂድበት። ራሱ መሣል ሲኖርበት ወፍራም ካርቶን፣ ፑሽ ፒንና ላስቲክ ይበቁታል፤ ነጥቦቹን ይተክላል፣ ቀጥታ መስመር ከሆነ ላስቲክ፣ ከርቭ ከሆነ ክር ይጠመጥማል። መምህሩ በፈተና ላይ የዚህን ዓይነት ግራፍ እንዲቀበል ከፈተናው ሳምንታት በፊት ተነጋገሩ፤ የሚዳሰስ ግራፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈተና ላይ የሚነካ ተማሪ ሰዓቱን የሚፈጀው ወረቀቱን በመላመድ ነው።

ጥያቄ፦ መስማት የተሳናቸው ሁለት ተማሪዎች አሉኝ። አስተርጓሚ ቢኖርም ወደ ኋላ እየቀሩ ነው።

መልስ፦ ዓይን በአንድ ጊዜ አንድ ቦታ ነው የሚያየው። እየጻፉ ሲናገሩ ተማሪዎቹ ወይ ሰሌዳውን ወይ አስተርጓሚውን ያጣሉ። ይጻፉ፣ ያቁሙ፣ እንዲያዩት ይተዉአቸው፣ ከዚያ ይናገሩ። አስተርጓሚው ከሰሌዳው አጠገብ ይቁም። ሃንድአውቱን ከክፍለ ጊዜው ሁለት ቀን አስቀድመው ይስጡት፤ ለሊሚት፣ ለዴሪቬቲቭ፣ ለማትሪክስ የሚጠቀሙበትን ምልክት ከተማሪዎቹ ጋር ተስማምቶ እንዲገባ። ቪዲዮ ካሳዩ በራሱ የሚወጣው ጽሑፍ ቀመርን ያበላሻልና አስቀድመው ያርሙት።

ጥያቄ፦ ዓይኔ በከፊል ነው የሚያየው። ፈተናውን ወደ ኤ3 አሳድገው ኮፒ ያደርጉልኛል፤ ቃላቱ ይታዩኛል፣ ሱፐርስክሪፕቱ (ከፍ ብሎ የሚጻፈው ትንሽ ቁጥር) ግን አይታየኝም።

መልስ፦ ወደ ኤ3 ማሳደግ 12 ነጥብ የሆነውን ፊደል ወደ 17 ያደርሰዋል፤ በ8 ነጥብ የተጻፈችው ሱፐርስክሪፕት ግን 11 ላይ ትቀራለች። ኮፒ ማሽኑን ይተዉትና ከፋይሉ ላይ ቀመሩን 24 ነጥብ እንዲያደርጉልዎ ይጠይቁ፤ ሱፐርስክሪፕቱ ያኔ ወደ 16 ይጠጋል። ረጅም ቀመር ከገጹ እንዳይወጣ በእኩል ምልክቱ ላይ ይሰበር። ወረቀቱም ኤ4 ሆኖ ይቀራል፣ ጠባብ ዴስክ ላይ ሲያገላብጡት አያስቸግርዎትም። ሰሌዳ ላይ በቀይና በአረንጓዴ የተለዩ ሁለት ከርቮች ካሉ አንዱ በሙሉ መስመር፣ ሌላው በተቆራረጠ መስመር እንዲሣል ያሳስቡ።