የአንባብያን ጥያቄ፦ ፈረሱ ሲያሽካካ በድሮ ፈረንሳይኛ ምን ይባላል?

ጥያቄ፦ ፋሲል ግቢን ለፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች አስጎበኛለሁ። አንዲት እንግዳ የጋሪ ፈረስ ሲያሽካካ ሰምታ፣ የእንስሳትን ድምፅ በየስሙ የሚደረድር የመካከለኛው ዘመን የፈረንሳይኛ ግጥም እንዳለ ነገረችኝ። እውነት ነው? ቃላቱስ ዛሬ ይሠራሉ?
አስጎብኚ፣ ከጎንደር

መልስ፦ አዎ፣ አለ። የጻፈው ዋልተር ኦቭ ቢብስዎርዝ የተባለ እንግሊዛዊ ባላባት ነው፤ ዘመኑም 13ኛው መቶ ዘመን (እ.ኤ.አ.) ነው። ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ፈረንሳይኛ የመኳንንቱ ቋንቋ ሆኖ ስለነበር፣ ዲዮኒሲያ ደ ሙንሸንሲ የተባለች ወይዘሮ ልጆቿን እንድታስተምርበት አዘጋጀላት። በብራናዎቹ ላይ ከፈረንሳይኛው ቃል በላይ የእንግሊዝኛው ፍቺ በትንንሽ ፊደል ይገኛል። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ይህን ሲያይ ግስ ማውረድ ትዝ ይለዋል፤ ግሱ በአንድ ቋንቋ፣ ፍቺው በሌላው፣ በቃል እንዲያዝ ደግሞ በዜማ ወይም በግጥም።

በግጥሙ ላም «ሙጂስት» ትላለች፣ እኛ እምቧ የምንለው ነው። አንበሳ «ሩጂስት» (ያገሳል)፣ ፈረስ «ሄኒስት» (ያሽካካል)፣ ተኩላ «ኡል» (ያላዝናል)። ሦስቱ የመጀመሪያዎቹ ከላቲን ሙጂሬ፣ ሩጂሬና ሂኒሬ የወረዱ ናቸው።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው «ብሬር» ላይ ነው። ዛሬ የአህያ ማናፋት ማለት ነው። በዚያ ዘመን ግን ማንኛውንም ብርቱ ጩኸት፣ የሰውንም ጭምር ይገልጽ ነበር፤ በዚህ ግጥም ውስጥ የሚጮኸው ድብ ነው። ስለዚህ በድሮ ጽሑፍ ሰው «ብሬ» ሲል ካገኙ፣ ጸሐፊው አህያ እያለ እየሰደበው እንዳይመስልዎት። ለአህያ ማናፋት የድሮው ፈረንሳይኛ «ሬካኔር» የሚል ቃልም ነበረው። ይህ ቃል «ሪር» (መሳቅ) ከሚለው ጋር ተቀላቅሎ ዛሬ «ሪካኔ» ሆኗል፤ ትርጉሙም በሹፈት መሳቅ ነው። ስለ አህያ ሲያወሩ አይጠቀሙበት።

አነባበብ ላይም ሰው ይሳሳታል። በብራናው «ስት» ብለው የሚያልቁት ዛሬ «ስ» ቀርቶባቸው «ት» ብቻ ይጻፍባቸዋል፣ እሱም አይነበብም። ስለዚህ ፈረሱ «ኢል ኤኒ»፣ አንበሳው «ኢል ሩዢ» ነው። «ሙዢ» ለበሬ ይስማማል፣ ለላም «ኤል ሞግል» ማለት የተለመደ ነው።

ፈረሱ ፊትዎ ቆሞ ሲያሽካካ ድምፁን በስም መጥራት ከፈለጉ «ለ ኤኒስማን» ይበሉ። በቃሉ መጀመሪያ ያለችው «ሀ» ባትነበብም ከፊቷ ያለው «ለ» አናባቢውን እንዲጥል አታደርግም፤ «ሌኒስማን» ካሉ ስሕተት ነው።