ቁሙና ጫማችሁን አውልቁ

ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ደሴ፣ ከደሴ ሐይቅ ከተማ፣ ከዚያም አልፋችሁ ለቀናት በእግር ለመሄድ ላሰባችሁ ልጆቼ፤

በረጅም መንገድ ሰውን የሚጥለው ዳገቱ ይመስላችኋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ይሉኝታ ነው። አንዱ ተረከዙን ማቃጠል ሲጀምረው «ሰው ከማስቆም» ብሎ ዝም ይላል። ቦታው ውሃ ይቋጥራል፤ በማግስቱ እያነከሰ ሁሉንም ያስቆማል።

ማቃጠሉ ገና ሲሰማችሁ ቁሙ። ጫማውንም ካልሲውንም አውልቁ፣ አሸዋውን አራግፉ፣ እግራችሁን አድርቃችሁ ትንሽ ነፋስ አስነኩት። በላብ የራሰ ቆዳ ላይ ፕላስተር አይይዝም፤ ይሸበሸብና እሱ ራሱ ይልጣችኋል። ሰፋ አድርጋችሁ ቁረጡት፣ ማዕዘኖቹን በመቀስ አክብቧቸው፣ ቆዳውን ሳትወጥሩ ለጥፉት። ውሃ ቋጥሮ ትንሽ ከሆነ አትንኩት። ትልቅ ሆኖ መርገጥ ከከለከለ ግን በአልኮል በጠረጋችሁት መርፌ ጠርዙን ወጋ አድርጋችሁ አፍስሱት። ቆዳውን እንዳትገፍፉት፤ ከእሱ የተሻለ ፋሻ የለም። ቫዝሊን ቀብታችሁ ሸፍኑት። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ይህን በራሱ አይሞክር፣ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ጫማ ከሰዓት በኋላ ግዙ፤ እግር ሲቆሙበት ሲውል ያብጣል። ከረጅሙ ጣት ፊት የእጅ አውራ ጣት ስፋት ይትረፈው። አዲስ ጫማ ለጉዞው ቀን ተብሎ አይቀመጥም፤ ደሴ ውስጥ ከፒያሳ ሰኞ ገበያ እየተመላለሳችሁበት ሁለት ሳምንት ይሰንብት። ትርፍ ካልሲ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ያዙ።

ደሴ 2,500፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ መሐላቸው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሜዳ ላይ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ቁጠሩ፣ ለየ600 ሜትሩ ዳገት አንድ ሰዓት ጨምሩ። ወደ ደሴ መውጣት ያለ ዕረፍት ከ6 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ስለዚህ ጠዋት 12 ሰዓት ተነሱ። «መውረዱ ቀላል ነው» የሚላችሁን አትስሙ። ቁልቁለት ላይ ሰውነትን የሚይዘው የጭን ጡንቻ ነው፤ ሕመሙ የሚብሰውም በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው። መውረድ ከመጀመራችሁ በፊት የጫማውን ማሰሪያ ቁርጭምጭሚት ላይ አጥብቁት፤ አለዚያ እግር ወደፊት እየሸሸ አውራ ጣት ከጫማው ጋር ይጋጫል፣ ጥፍሩም ይጠቁራል። እርምጃ ይጠር፣ ጉልበት ትንሽ ይታጠፍ፣ ዱላ ይኑራችሁ።

ርቀት ስትጠይቁ «እዚህች ጋ ናት» የሚለው መልስ አያታልላችሁ። የአገሩ ሰው አይዋሽም፤ ለእሱ እግር እዚህች ጋ ናት። ከዚያ በኩል የሚመጣ ካገኛችሁ «በስንት ሰዓት ተነሱ?» በሉት፣ መንገዱ በፈጀበት ጊዜ ላይ ግማሹን ጨምሩ።

በሰዓት ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ ጠጡ፣ ፀሐይ ከጠናም ጨምሩ። የምንጭና የወንዝ ውሃ በእኛ ከፍታ ከፈላ በኋላ 3 ደቂቃ ይንተክተክ። በሶ ለጾምም ለፍስክም ይሆናልና ስንቃችሁ አድርጉት፤ ሳይርባችሁ በትንሽ በትንሹ። ሸክማችሁ ከክብደታችሁ አንድ አምስተኛ አይለፍ፤ 60 ኪሎ የሚመዝን ከ12 ኪሎ በላይ አይሸከም።

ወደ አምባ ፈሪት ተራራ የምትወጡ፣ ጫፉ 3,975 ሜትር ነው። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ አንድ ላይ ከመጡ ከዚያ በላይ አትውጡ፤ ካልተሻለ ውረዱ። እዚያም ሰው የሚደብቀው በይሉኝታ ነው።

ስለዚህ ገና ከቤት ሳትወጡ ተስማሙ። በየሰዓቱ ሁሉም 5 ደቂቃ ይቆማል፣ ሁሉም ጫማውን ይፈታል፤ ማንም «ቁሙልኝ» ብሎ መለመን የለበትም። ፊት የሚመራው ደግሞ ከመካከላችሁ ቀርፋፋው ይሁን።