ጥላ ላለበት አጥር ቡገንቪሊያ እንዳትገዢ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። «ከቤታችን ጀርባ ያለው አጥር ብዙ ፀሐይ አያገኝም። ቶሎ የሚሸፍንልኝ፣ አበባም ያለው ሐረግ ምን ልትከል?» ነው ያልሽው። ከሥር የተሰጡሽን መልሶችም አነበብኳቸው። ብዙዎቹ «ቡገንቪሊያ ትከዪ፣ የትም ይበቅላል» ይላሉ። እባክሽን ይሄን ምክር አትስሚ። እኔን ጉድ የሠራኝ ይሄው ነው።

የእኔ አጥር ካንቺው ጋር አንድ ሳይሆን አይቀርም። በአንድ በኩል የጎረቤት ፎቅ ይጋርደዋል፣ በሌላ በኩል ትልቅ ዛፍ አለ። ጠዋት ትንሽ ፀሐይ ትገባለች፣ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ጥላ ነው። ችግኝ የሚሸጥበት ቦታ ሄጄ ይሄንኑ አንድም ሳላስቀር አስረዳሁ። ስልኬ ላይ ያለውን ፎቶም አሳየሁ። ሻጩ ፎቶውን በደንብ እንኳን ሳያየው «ምንም ችግር የለውም፣ ውሃ ብቻ አጠጣው» አለኝና በቀለም የተንቆጠቆጡ ቡገንቪሊያዎች አስጫነኝ። ያውም ከሁሉም ውዶቹን።

ተክሎቹ አልሞቱም። ይዘውት የመጡት ቀለም ግን ረገፈ፣ ሌላ አልተካም። ግንዳቸው ቀጥኖ ረዘመ። ብርሃን ፍለጋ ሽቅብ ወጡና ከአጥሩ ጫፍ በላይ ወደ ጎረቤት ዞረው አበቡ። በእኔ በኩል የቀረው እሾህ ያለው ራቁት ግንድ ነው። ተመልሼ ሄጄ ስነግረው ሻጩ ዓይኑን በጨው አጥቦ «አያያዙን አታውቅበትም፣ ማዳበሪያ አንሶት ነው» አለኝ። ሌሎች ገዢዎች ቆመው ይሰማሉ። ሊሸጥልኝ ያወጣው ደግሞ ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ ነበር። እሱ ቅጠል ነው የሚያበዛው፣ አበባ አያመጣም። አልገዛሁትም። ግን እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ሰው አስረድቶ ከጠየቀ እውነቱን መናገር ምን ይከብዳል?

እውነቱ ይሄ ነው። ቡገንቪሊያ ላይ አበባ የሚመስለን ባለ ቀለሙ ነገር ቅጠል ነው። ትክክለኛዋ አበባ መሃል ላይ ያለችው ሚጢጢዋ ነጭ ናት። ያ ቀለም እንዲመጣ ተክሉ በቀን ቢያንስ ለ5 ወይም ለ6 ሰዓት ያህል ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋል። ጥላ ውስጥ ምን ብትለፊ ልፋትሽን ውሃ ይበላዋል። ፓሽን ፍሩትም ያው ነው፣ ፀሐይ ካጣ አያፈራልሽም።

አሁን የምልሽን በቁጥር ላስቀምጠው።

1. ምንም ከመግዛትሽ በፊት ጥላሽን ለኪ። ጥላ ሁሉ አንድ አይደለም። በቀን ለ6 ሰዓት ያህል ወይም ከዚያ በላይ ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት ቦታ ሙሉ ፀሐይ ይባላል። በቀን ከ3 እስከ 6 ሰዓት ለሚሆን ጊዜ የሚያርፍበት ከፊል ጥላ ነው። ከ3 ሰዓት በታች ከሆነ ሙሉ ጥላ ያዥው። እቤት የምትውዪበትን ቀን ምረጪና በየሰዓቱ አጥሩን ፎቶ አንሺ። ታችኛውንና ላይኛውን ለይተሽ እዪ። የእኔ አጥር ሥሩ ጨለማ ነው፣ ከወገብ በላይ ያለው ግን የጠዋት ፀሐይ ያገኛል። ይሄንን ማወቄ ሁሉንም ነገር ነው የለወጠው። ሃኒሰክልን የመሰሉ ሐረጎች እኮ ሥራቸው ጥላ፣ አናታቸው ብርሃን ሲሆን ነው ደስ የሚላቸው። የፀሐይ መንገድ በየወቅቱ ስለሚቀያየር ከጥቂት ወራት በኋላ ደግመሽ ብታዪው ጥሩ ነው።

2. አጥርሽ ከምን የተሠራ ነው? ይሄን አልነገርሽንም። እኔንም ሻጩ አልጠየቀኝም፣ መጀመሪያ መጠየቅ የነበረበት ግን ይሄ ነበር። ሐረግ ሁሉ በአንድ ዓይነት መንገድ አይወጣም። አንዳንዱ ግንዱን ራሱን ይጠመጥማል። አንዳንዱ እንደ ክር የቀጠነ መያዣ አለው፣ እሱ ቀጭን ነገር ካላገኘ ወፍራም ቋሚ ላይ መያዝ አይችልም። እነዚህ ሁለቱ ሽቦ ወይም መረብ ይፈልጋሉ። አይቪና ፊከስ ፑሚላ ደግሞ ከግንዳቸው ትናንሽ ሥር አውጥተው ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ። ጠንካራ ግንብ ከሆነ ችግር የለም። ሲሚንቶው የተሰነጠቀ ወይም የሚረግፍ ከሆነ ግን ስንጥቁ ውስጥ ገብተው ያባብሱታል። ቀለም የተቀባ እንጨት ላይም ሲነቀሉ ምልክት ይተዋሉ።

እኔ የሽቦው ክፍል ላይ ስታር ጃስሚን ተከልኩ። ከፊል ጥላ ይችላል፣ አበባው ግን ፀሐይ ያለበትን ያህል አይበዛም። አንድ ነገር ልንገርሽ። የሚጠመጠሙ ሐረጎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው መዞሪያ አቅጣጫ አላቸው። በተቃራኒው ከጠመጠምሽው ጫፉ ቀስ እያለ ይፈታና ተንጠልጥሎ ታገኚዋለሽ። ስለዚህ መጀመሪያ ራሱ ወዴት እንደሚዞር እዪ፣ ከዚያ በዚያው አቅጣጫ ምሪው። በክር ስታስሪውም እንደ ቀለበት ላላ አድርጊለት፣ ግንዱ ይወፍራል።

ግንቡ ላይ ደግሞ ፊከስ ፑሚላ ነው ያለኝ። ይሄ ነው አንጀቴን ያራሰው። ልጅ እያለ ቅጠሉ የጣት ጥፍር ያህል ነው፣ ግድግዳው ላይ ልጥፍ ብሎ ይሄዳል። መጀመሪያ ላይ የሞተ እስኪመስል ዝም ይላል። ተስፋ አትቁረጪ፣ ሥር እየሰደደ ነው። አንዴ ከያዘ በኋላ አያቆምም። ሳይከረከም ከቆየ ግን ትልልቅ ቅጠል ያላቸው ወፍራም ቅርንጫፎች ወደ ውጭ ያወጣል፣ ያኔ ውበቱ ይጠፋል። እኔ መቀስ አላርቅበትም። አሁን ግንቡ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ነው። ያ የቡገንቪሊያዬን አበባ ሲያይ የከረመው ጎረቤት ራሱ ቁራጭ ለምኖ ወስዷል።

3. ውርጭ የሌለበት ሞቃት አካባቢ ከሆንሽ ሙሉ ጥላ ለሆነው ክፍል ፖቶስ፣ ፊሎደንድሮን ወይም ሞንስቴራ አስቢ። እነዚህ ጫካ ውስጥ በዛፍ ግንድ ላይ የሚወጡ ናቸው፣ ጥላ አገራቸው ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1975 የወጣ አንድ ጥናት የአንድ ሞንስቴራ ዝርያ ቡቃያዎች ወደ ብርሃን ሳይሆን ወደ ጨለማ እንደሚሳቡ አሳይቷል። ጫካ ውስጥ ጨለማው ያለው የትልቅ ዛፍ ግንድ ዘንድ ነዋ! ግንዱን ሲያገኙ ነው ወደ ላይ የሚወጡት። ብርድና ውርጭ ካለብሽ ደግሞ አይቪ፣ ቨርጂኒያ ክሪፐር ወይም ወደ ላይ የሚወጣው የሃይድራንጂያ ዓይነት ይሻሉሻል። ሃይድራንጂያው ጥላ ውስጥም ነጭ አበባ ያወጣል። ግን የመጀመሪያዎቹን 2 ወይም 3 ዓመታት በጣም ቀስ ይላል፣ «ቶሎ ይሸፍንልኝ» ካልሽ አይሆንሽም።

ትንንሽ ልጆች ወይም ውሻ ካለሽ ተጠንቀቂ። ፖቶስ፣ ፊሎደንድሮንና ሞንስቴራ ሲታኘኩ አፍ ያቃጥላሉ። የአይቪ ፍሬም መርዛማ ነው፣ ፈሳሹም የአንዳንድ ሰው ቆዳ ያሳክካል። ስትከረክሚ ጓንት አድርጊ።

ስትተክዪ አጥሩ ሥር አትለጥፊው። ግንብ ዝናብ ስለሚከልል ሥሩ ያለው አፈር ሁልጊዜ ደረቅ ነው። ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ራቅ አድርገሽ ቆፍሪ፣ ችግኙን ወደ አጥሩ ዘንበል አድርጊው። ዛፍ ካለ ሥሩ ውሃውን ይሻማል፣ ስለዚህ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት ቀላቅዪበት፣ ከላይ ደረቅ ቅጠል አልብሺው። የመጀመሪያውን ዓመት ውሃ አታቋርጪበት። ጥላ ነው ብለሽ ውሃ አይፈልግም እንዳትዪ።

አሁን እኩለ ቀን ላይ አጥሩን ፎቶ አንሺና እዚሁ ለጥፊው። ሽቦ ይሁን ግንብ፣ ውርጭ ይኑር አይኑር ጻፊልኝ። ሳትገዢ በፊት ብቻ ይሁን።