ስለ ኦስትሪያ ስፖርተኞች ለጠየቃችሁኝ

ከቪየና ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ባለፈው ሳምንት «ስለ ኦስትሪያ ስፖርተኞች የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ከጠበቅኩት በላይ ጥያቄ ጎረፈ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ኦስትሪያ ካንጋሮ ያለባት አገር አይደለችም እንዴ? በረዶ ከየት አመጣች?

መልስ፦ የካንጋሮዋ አገር አውስትራሊያ ናት። ኦስትሪያ ያለችው መሀል አውሮፓ ነው። ከጀርመንና ከጣሊያን ጋር ትዋሰናለች፤ ባሕር የላትም። ሕዝቧ 9 ሚሊዮን ገደማ ነው። ከመሬቷ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ደግሞ የአልፕስ ተራራ ነው። የስፖርቷ ነገር ሁሉ ከዚህ ተራራ ይጀምራል። የተራራ ልጅ ገና በሕፃንነቱ ሁለት ረጃጅም ስኪ እግሩ ላይ አስሮ ቁልቁል መንሸራተት ይለምዳል።

ጥያቄ፦ ኒኪ ላውዳ ፊቱ የተቃጠለው እንዴት ነው? ያ ቀይ ኮፍያስ?

መልስ፦ ላውዳ የፎርሙላ ዋን፣ ማለትም የመኪና እሽቅድምድም፣ ሾፌር ነበር። ኦገስት 1 ቀን 1976 ጀርመን ውስጥ፣ ኑርቡርግሪንግ በሚባለው መወዳደሪያ፣ ፌራሪው ከመንገድ ወጥታ ተጋጨችና በእሳት ተያያዘች። ከእሳቱ ያወጡት አብረውት ሲወዳደሩ የነበሩ አራት ሾፌሮች ናቸው። መኪናቸውን አቁመው ሮጡለት። አንዱ፣ ሃራልድ ኤርትል፣ የአገሩ ልጅ ነበር። ጭንቅላቱና ፊቱ ተቃጠለ። የባሰው ግን ወደ ሳንባው የገባው ጭስ ነው። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ቄስ መጥተው የመጨረሻውን ጸሎት አደረሱለት።

ከ42 ቀን በኋላ ጣሊያን ውስጥ ሞንዛ ላይ ተወዳደረ። ቁስሉ ገና አልዳነም ነበር። አራተኛ ወጣ።

ብዙ ሰው የሚያደንቀው ይህንን ነው፤ እኔ ግን ከዚያ በኋላ ያደረገውን ይበልጥ አደንቃለሁ። የዓመቱ መጨረሻ ውድድር ጃፓን ፉጂ ላይ ነበር። ዝናቡ ዶፍ ነው፣ መንገዱ አይታይም። ላውዳ ሁለት ዙር ሄዶ መኪናውን አቆመና ወረደ። አደጋው ከልክ ያለፈ ነው አለ። በዚህም የዓመቱን ዋንጫ በ1 ነጥብ ለተፎካካሪው ለጄምስ ሃንት አስረከበ። ዓለም ሁሉ እያየህ «በቃኝ» ማለት ቀላል አይደለም። በሚቀጥለው ዓመት ዋንጫውን መልሶ ወሰደ። በ1979 ውድድሩን ትቶ ወደ አየር መንገድ ሥራው ገባ፤ በ1982 ተመለሰ። በ1984 ዋንጫውን ሲወስድ አላን ፕሮስትን የበለጠው በግማሽ ነጥብ ነው፤ 72 ለ71.5። ግማሿ የመጣችው ሞናኮ ላይ ውድድሩ በዝናብ ተቋርጦ ነጥቡ በግማሽ ስለተሰጠ ነው። ኮፍያው ጠባሳውን ለመሸፈን ነበር፤ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 2019፣ አልተለየውም።

ጥያቄ፦ ከሞተ በኋላ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ሾፌር አለ የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ዮኸን ሪንት ይባላል። የተወለደው ጀርመን ነው፤ ያደገው ግን ግራትስ ከተማ፣ አያቶቹ ጋ ነው። በ1970 ሞንዛ ላይ ለውድድሩ ሲለማመድ ሞተ። በቀሩት ውድድሮች ማንም ነጥቡን አልደረሰበትም። በፎርሙላ ዋን ታሪክ እንዲህ የሆነ እሱ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ከስኪ ተወዳዳሪዎች ማንን ትመርጣለህ? ሂርሸርን ነው አይደል?

መልስ፦ በቁጥር ከሄድን ማርሴል ሂርሸር ነው። ከ2012 እስከ 2019 ስምንት ዓመት በተከታታይ የዓለም ዋንጫ አጠቃላይ አሸናፊ ሆኗል። ከሴቶች አንማሪ ሞዘር ፕሮል 62 የዓለም ዋንጫ ውድድር አሸንፋለች። ቶኒ ዛይለር ደግሞ በ1956 ኮርቲና ኦሊምፒክ የነበሩትን ሦስቱንም የወንዶች አልፓይን ስኪ (ከተራራ ቁልቁል የሚወረድበት ስኪ) ወርቆች ጠራርጎ ወሰደ። ልቤ ያለው ግን ሄርማን ማየር ጋ ነው።

ማየር ፍላካው የምትባል መንደር ልጅ ነው። በ15 ዓመቱ የስኪ ትምህርት ቤት ገብቶ ነበር፤ «ቀጫጫ ነህ፣ አቅም የለህም» ተብሎ ተመለሰ። ግንበኛ ሆነ። በጋውን ጡብ ሲደረድር፣ ክረምቱን አባቱ የስኪ ትምህርት ቤት ውስጥ ሲያስተምር ኖረ። በ1996 የዓለም ዋንጫ ውድድር መንደሩ ድረስ መጣ። ማየር ከተወዳዳሪዎቹ በፊት ወርደው መስመሩን ከሚፈትሹት አንዱ ነበር። ሰዓቱ ሲታይ ከታላላቆቹ መሀል 12ኛ ያስወጣው ነበር። አሠልጣኞቹ ዓይናቸውን የጣሉበት ያን ጊዜ ነው።

በ1998 ናጋኖ ኦሊምፒክ ላይ በቁልቁል ውድድሩ አየር ላይ ተወረወረ። ተገልብጦ በአንገቱ ነው የወደቀው፤ ሁለት መከላከያ አጥር ጥሶ ነው የቆመው። የሚነሳ የመሰለው ሰው አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ሱፐር ጂ በሚባለው ሌላ ፈጣን የቁልቁል ውድድር ወርቅ ወሰደ። ከዚያ ሌላ ሦስት ቀን ቆይቶ በጃይንት ስላሎም፣ በምልክቶች መሀል እየተጠማዘዙ በሚወርዱበት ውድድር፣ ደገመ። በ2001 ሞተር ሳይክል ሲነዳ መኪና ገጨው፤ እግሩ ሊቆረጥ ምንም አልቀረውም ነበር። በጃንዋሪ 2003 ተመልሶ ኪትስቡሄል ላይ ሱፐር ጂ አሸነፈ። ቪዲዮውን ፈልጋችሁ እዩት፤ ሕዝቡ ሲያለቅስ ታያላችሁ።

ጥያቄ፦ እኔ የሒሳብ መምህርት ነኝ። ኦሊምፒክ ያሸነፈች የሒሳብ ሊቅ አለች ሲባል ሰማሁ። እውነት?

መልስ፦ አዎ እህቴ፣ አና ኪዘንሆፈር ትባላለች። በሒሳብ ዶክትሬት አላት፤ ያን ጊዜ ስዊዘርላንድ፣ ሎዛን በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ነበረች። ፕሮፌሽናል ቡድን አልነበራትም። አሠልጣኟም፣ የምግብ ባለሙያዋም፣ ዕቅድ አውጪዋም ራሷ ነበረች። በ2021 ቶኪዮ ላይ የብስክሌቱ ውድድር ገና ሲጀመር ከሌሎች ጥቂት ሴቶች ጋር አምልጣ ወጣች። ወደ 40 ኪሎ ሜትር ሲቀር ብቻዋን ቀረች። በኦሊምፒክ ብስክሌተኞች ጆሯቸው ላይ ሬዲዮ አያደርጉም፤ ከኋላ ያሉት ፊት ማን እንዳለ አላወቁም። ሆላንዳዊቷ አነሚክ ፋን ፍሉተን መስመሩን ስታልፍ ያሸነፈች መስሏት እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። ኪዘንሆፈር ግን ከአንድ ደቂቃ በላይ ቀድማ ገብታ ነበር። ለተማሪዎችሽ ንገሪያቸው፤ ስሌቷ ነው ያስገባት።

ጥያቄ፦ ቴኒስስ?

መልስ፦ ቶማስ ሙስተር። በ1989 ማያሚ አካባቢ ለፍጻሜ ባለፈበት ምሽት ሰካራም ሾፌር ገጭቶ የጉልበቱን ጅማት በጠሰው። ቆሞ መጫወት ሲያቅተው ልዩ ወንበር ተሠራለት፤ እግሩን ዘርግቶ፣ ተቀምጦ ኳስ ይመታ ነበር። በ1995 የፈረንሳይ ኦፕንን ወሰደ፣ በ1996 የዓለም ቁጥር አንድ ሆነ። ከወጣቶቹ ዶሚኒክ ቲም በ2020 የአሜሪካ ኦፕንን ፍጻሜ ሁለት ዙር (በቴኒስ ቋንቋ «ሴት») ተመርቶ አሸንፏል።

ጥያቄ፦ ሽዋዘኔገር ይቆጠራል?

መልስ፦ እንዴታ! ግራትስ አጠገብ ታል በምትባል መንደር ነው የተወለደው። ሚስተር ኦሊምፒያ የሚባለውን የሰውነት ግንባታ ውድድር ሰባት ጊዜ ወስዷል።

ጥያቄ፦ አላባ የየት አገር ሰው ነው? በኦስትሪያ ማሊያ የሮጠ ሐበሻስ አለ?

መልስ፦ እግር ኳስ ተጫዋቹ ዴቪድ አላባ የቪየና ልጅ ነው። አባቱ ናይጄሪያዊ፣ እናቱ ፊሊፒናዊት ናቸው። በ17 ዓመቱ ለብሔራዊ ቡድን ተሰለፈ፤ በኋላ አምበል ሆነ። ከባየርንም ከሪያል ማድሪድም ጋር የሻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫ አንስቷል። በ2024 የአውሮፓ ዋንጫ ጉልበቱን ተጎድቶ ስለነበር መጫወት አልቻለም፤ ግን ከቡድኑ ጋር ሄዶ ከመስመር ውጭ ጓደኞቹን ሲያበረታታ ነበር።

ሐበሻም አለ። ለማወርቅ ከተማ ኢትዮጵያ ተወልዶ በስደት ኦስትሪያ የገባ ሯጭ ነው። በ2014 ዊንግስ ፎር ላይፍ የሚባለውን ሩጫ አሸነፈ። በዚህ ሩጫ የመጨረሻ መስመር የለም። መኪና ከኋላ ያሳድዳል፤ የደረሰበት ይወጣል። ለማወርቅ ከ78 ኪሎ ሜትር በላይ ሮጦ ነው የተደረሰበት። በ2015 ደገመው። ዜግነት አግኝቶ በ2018 በርሊን የአውሮፓ ሻምፒዮና ማራቶን ስምንተኛ ወጣ፤ ኦስትሪያም በቡድን ነሐስ አገኘች። እኛ እዚህ ያለነው ሐበሾች ስለ እሱ ስናወራ ድምፃችን ከፍ ይላል።

ጥያቄ፦ እኔ የምኖረው እስራኤል ነው። ከቪየና ስለመጣች አይሁዳዊት ዋናተኛ አንዲት አሮጊት ጎረቤቴ ነገረችኝ። ታውቃታለህ?

መልስ፦ ዩዲት ዶይች መሆን አለባት። ሃኮዋህ ቪየና የአይሁዶች የስፖርት ክለብ ነበር፤ እሷም የዚያ ክለብ ዋናተኛ ነበረች፤ የአገሪቱን ሪከርዶች ይዛለች። ለ1936ቱ በርሊን ኦሊምፒክ ተመረጠች። ሂትለር አይሁዶችን በሚያሳድድበት አገር አልዋኝም አለች። ገና 18 ዓመት እንኳ አልሞላትም ነበር። ፌዴሬሽኑ ከውድድር አገዳት፣ ስሟንና ሪከርዷን ከመዝገብ ፋቀ። ወደ ፍልስጤም ምድር ተሰደደች፤ ኑሮዋም እዚያው እስራኤል ሆነ። መዝገቡ የተመለሰላት በ1995 ነው፣ ከይቅርታ ጋር። ያን ጊዜ ሰባዎቹ ውስጥ ነበረች።