ዕቅዱን ከገዢው በር ጀምሩት

ልጆቼ፣

ከእናንተ መካከል ኢኮኖሚክስ ወይም ሎጂስቲክስ ጨርሳችሁ ቢሮ የገባችሁ አላችሁ። ዛሬ ባይሆን ነገ አንድ አለቃ ይጠራችሁና "የወጪ ንግድ ስትራቴጂ አዘጋጁ" ይላችኋል። ምናልባት የድሬዳዋን፣ ምናልባትም የአገሪቱን። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በዚሁ ሥራ ነው። መጀመሪያ ቡና ላኪ ዘንድ ሠራሁ፤ በኋላ ደግሞ ዕቅድ ከሚያወጡት ጋር ተቀመጥኩ። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ቁጭ ብዬ የማወራውን እስቲ ልጻፍላችሁ። የሼባ ወሬ ነው ብላችሁ የምትዘሉትን ዝለሉ።

አለቃው ሲያዛችሁ እጃችሁ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ኤክሴል ነው። የአምናው ቁጥር ይወጣል። ሠላሳ በመቶ ይጨመርበታል። ከዚያ ለክልል ይከፋፈላል፤ ክልሉ ለዞን፣ ዞኑ ለወረዳ ያወርደዋል። ቡና ግን ከተተከለ ሦስት አራት ዓመት ካልሞላው ፍሬ አይሰጥም። ሠላሳ በመቶ መጨመሩን ለዛፉ የነገረው የለም። ዓመቱ ሲያልቅ "አፈጻጸም 71 በመቶ" ተብሎ ይጻፋል፤ ምክንያቱ ላይ "የዓለም ገበያ ዋጋ መዋዠቅ" ይባላል፤ ስብሰባው ይበተናል።

እኔ የምላችሁ፣ ዕቅዱን ከገዢው ጀምራችሁ ወደ ኋላ ጻፉት። ማን ነው የሚገዛን? ሌላ ሻጭ ሞልቶ ሳለ ለምን ከእኛ ይገዛል? ምን ቢፈጠር መግዛቱን ያቆማል? ከገዢው መጋዘን ወደ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ ወደ ድሬ፣ ከድሬ ወደ ገበሬው ማሳ ውረዱ። ቶኑና ዶላሩ የመጨረሻው ገጽ ላይ ይምጣ።

ሩቅ ሳትሄዱ እዚሁ ሰፈራችን ልምምድ አድርጉ። ከእኛ አካባቢ የሐረር ቡና ይወጣል፣ ጫት ይወጣል፣ የቁም እንስሳት ይወጣሉ፣ አትክልት ወደ ጅቡቲ ይሄዳል። የባቢሌ ለውዝም አለ። በሪፖርት ላይ ሁሉም "የግብርና ምርቶች" ተብለው አንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ይገባሉ። ገዢያቸው ግን አንድ አይደለም። የሚያስፈራቸውም ነገር አንድ አይደለም።

ቡናውን እንይ። የሐረር ቡና በፀሐይ የሚደርቅ ቡና ነው። አይታጠብም። ውኃ በሌለበት ደጋና ወይና ደጋ ገበሬው ጣሪያው ላይም፣ ግቢው ውስጥም አስጥቶ ያደርቀዋል። ያ የፍራፍሬና የወይን ጠጅ የሚመስል ጣዕሙ የሚመጣው ከዚሁ ነው። ገዢው የሚከፍለው ለዚያ ጣዕም ነው፣ ለኪሎው ብቻ አይደለም። ታዲያ በዕቅድ ሰነዶች ላይ "በምሥራቅና በምዕራብ ሐረርጌ የቡና ምርትን ማሳደግ" የሚል መስመር በየዓመቱ አያለሁ። ገበሬው ለምን ቡናውን ነቅሎ ጫት እንደተከለ የሚጠይቅ መስመር ግን እምብዛም አላየሁም። እኔ ጠይቄያለሁ። ሚስጥር የለውም። ጫት በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ይቆረጣል። ድርቁን ይችላል። ብሩ ያኑ ዕለት እጅ ላይ ይገባል። ቡና ግን ዓመት ያስጠብቃል፤ ከሰብሳቢ ወደ አቅራቢ፣ ከአቅራቢ ወደ ላኪ እያለ ይሄዳል፤ መጨረሻ ላይ ለገበሬው የሚደርሰው ስንት እንደሆነ ራሱ ገበሬው ነው የሚያውቀው። ይህን ስሌት የማይቀይር ዕቅድ ችግኝ ቢያድልም ዋጋ የለውም። ችግኙ ይወሰዳል፣ ጫቱ ይተከላል።

"እሺ፣ ታዲያ ጫት ዶላር አያመጣም እንዴ?" ትሉኛላችሁ። ያመጣል። የጫት ገበያዋ ከተማ አወዳይ ሂዱና እዩ። ግን ሦስቱን ጥያቄ ጫትም ላይ ጠይቁ። ገዢው ማን ነው? በዋናነት ሶማሌላንድ፣ ሶማሊያና ጅቡቲ። ቅጠሉ ትኩስ ካልደረሰ አይሸጥም፤ ስለዚህ መንገድ አንድ ቀን ከተዘጋ የዚያ ቀን ገንዘብ ጠፋ። ሌላው ነገር፣ ገዢው አገር በአንድ ሕግ ሊዘጋው ይችላል። ኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. በ2013 ዘጋች። እንግሊዝ በሰኔ 2014 ተከተለች። ያኔ ክፉኛ የተጎዱት የኬንያ ሜሩ ገበሬዎች ነበሩ። ነገ ተረኛው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ስለ ጫት ጤናና ማኅበራዊ ጣጣ እዚህ አላወራም፤ ለዚያ ሌላ ቀን ይበጀዋል።

እንስሳቱም ተመሳሳይ ታሪክ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2000 የሪፍት ቫሊ ትኩሳት የሚባል የእንስሳት በሽታ ሳዑዲ ዓረቢያና የመን ገባ። ሳዑዲ ከአፍሪካ ቀንድ የሚመጣ የቁም እንስሳ ላይ በሯን ዘጋች። ዳግም የከፈተችው በ2009 ነው። ዘጠኝ ዓመት! የሶማሌ ክልል አርብቶ አደር ምንም ያላጠፋው ነገር ገበያውን አሳጣው። በዚያ ሁሉ ዘመን "የእንስሳት ወጪ ንግድ በዚህን ያህል ያድጋል" የሚል ዕቅድ መጻፉ አልቀረም። የሚያስፈልገው ግን የእንስሳት ሐኪም፣ ላቦራቶሪ፣ ገዢው የሚያምነው የኳራንታይን ጣቢያና ማኅተም ነበር። እነዚህ ሪባን አይቆረጥላቸውም፤ ለዚህ ይሆናል በጀት ሲቀነስ ቀድመው የሚነኩት።

ጃፓንንም አስታውሱ። ጃፓኖች ከደንበኞቻችን ጥሩ ዋጋ የሚከፍሉ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2008 የኢትዮጵያ ቡና ላይ ከተፈቀደው በላይ የፀረ ተባይ ኬሚካል አገኘን አሉ። ግዢው ወደቀ። ጥርጣሬው ወደ ማሳው ብቻ ሳይሆን ወደ ጆንያውም ሄደ። እስቲ አስቡት፣ በጆንያ ሰበብ ገበያ ሲታጣ! አሁን ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋን የሚመለከት ሕግ አውጥቷል። ቡናው ከየትኛው ማሳ እንደመጣ በካርታ ነጥብ አሳዩኝ ይላል። የሚጀመርበት ቀን ተገፍቷል፤ ተገፋ ማለት ግን ቀረ ማለት አይደለም። የሐረርጌ ገበሬ ማሳ ትንሽ ነው፣ ተራራው ገደላማ ነው፣ ማሳዎቹ የተበታተኑ ናቸው። በስልክ ካርታ መሥራት የምትችሉ እናንተ ናችሁ። አቦ፣ ሥራ የለም የምትሉኝ ልጆች ይህን ሥራ እዩት!

ስለ ስም አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። "ሐረር" የሚለው ቃል ዶላር ያወጣል። ኢትዮጵያ ሐረርን፣ ሲዳሞንና ይርጋጨፌን በንግድ ምልክትነት አሜሪካ ውስጥ ላስመዝግብ ስትል ከስታርባክስ ጋር ተካረረች። እ.ኤ.አ. በ2007 ተስማሙ። ስሙ የእኛ መሆኑ ታወቀ። ግን በዚያው ስም ሌላ ቦታ የበቀለ ቡና ቀላቅለን ከላክን የምናጠፋውም እኛው ነን።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ይህን በትምህርት ቤት አያስተምሯችሁም፣ እኔ ግን ኖሬበታለሁ። ለብዙ ዓመታት የብር ዋጋ ከእውነቱ በላይ ተሰቅሎ ቆየ። ላኪው ቡናውን ወይም ሰሊጡን እዚህ በውድ ገዝቶ ውጭ በርካሽ ይሸጣል። ለምን? ዶላሩን ይፈልገዋላ! በዚያ ዶላር መኪና፣ መለዋወጫ፣ ጨርቅ አስገብቶ በአስመጪነቱ ኪሳራውን ያካክሳል። ስለዚህ ወጪ ንግድ ለብዙ ሰው የዶላር መግቢያ ትኬት ሆኖ ነበር። ጥራት ላይ ማን ያፈሳል? ገዢ ማን ያባብላል? ንጹሕ ላኪ፣ አስመጪ ያልሆነው፣ ከእነዚህ ጋር ዋጋ ተወዳድሮ ከገበያ ወጣ። ስንት ጎበዝ ሰው እንደዚያ ሲወጣ አይቻለሁ። የትኛውም ማበረታቻ፣ የትኛውም ሽልማትና ዋንጫ ይህን አያስተካክለውም። አገራዊ ስትራቴጂ ስትጽፉ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ይሁን፦ አንድ ሰው ምንም ሳያስመጣ፣ በመላክ ብቻ ያተርፋል ወይ? መልሱ አያተርፍም ከሆነ ሌላውን ምዕራፍ አትጀምሩት።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። ኑሮው ላይ ያመጣውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ቀፊራ ገበያ የወጣ ሰው አይነገረውም። ወጪ ንግዱ ግን በ2016 ዓ.ም. ከነበረበት 3.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ በ2017 ዓ.ም. ከ8 ቢሊዮን በላይ ደረሰ። ጭብጨባ ሆነ። ይገባል። እናንተ ግን ባለሙያ ናችሁና ቁጥሩን ገንጥሉት። ትልቁን ድርሻ የያዘው ወርቅ ነው። ከዚህ ወርቅ ብዙው ድሮም ይቆፈር ነበር፤ በኮንትሮባንድ ይወጣ የነበረው ዋጋው ሲስተካከል ወደ ብሔራዊ ባንክ መጣ። ቡናም ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር አለፈ፤ በዚያው ዓመት የዓለም የቡና ዋጋ ከዚያ በፊት ወዳልታየ ከፍታ ወጥቶ ነበር። ስለዚህ ሁሌም ሁለት ዓምድ ሥሩ፦ ስንቱ ከዋጋ መጣ፣ ስንቱ ከመጠን? ዋጋው ነገ ተመልሶ ሲወርድ ያኔ አትደነግጡም።

ሌሎች እንዴት አደረጉት ለሚለው ሁሉም ሰው ኮሪያን ይጠቅሳል። እኔም እጠቅሳለሁ፣ ግን ለሌላ ነገር። የደቡብ ኮሪያ ወጪ ንግድ እ.ኤ.አ. በ1964 ነው 100 ሚሊዮን ዶላር የደረሰው። ቀኑን በዓል አደረጉት። እኔን የሚገርመኝ ግን ፕሬዚዳንቱ በየወሩ እየመሩት ያደርጉት የነበረው የወጪ ንግድ ስብሰባ ነው። ላኪው ተነስቶ "ጉምሩክ ይህን አስቀረብኝ" ይላል፣ የጉምሩኩም ሰው እዚያው አለ። ባንኩም ኤልሲ፣ ማለትም የገዢው ባንክ የክፍያ ዋስትና ደብዳቤ፣ ለያዘ ላኪ በአነስተኛ ወለድ ያበድራል፤ መያዣው የቤት ካርታ ሳይሆን የውጭ ገዢው ትእዛዝ ነው። እኛ አገር ካርታ የሌለው ወጣት ላኪ የት ይደርሳል? ይህን አንዷን ነገር ብቻ ብትገለብጡ ይበቃኛል።

ባንግላዴሽ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1979 ደሽ የሚባል የልብስ ስፌት ድርጅት 130 ሠራተኞቹን ዴዉ ወደሚባለው የኮሪያ ኩባንያ ልኮ አሠለጠነ። አብዛኞቹ በኋላ ለቀው የራሳቸውን ሥራ ጀመሩ ወይም ሌላ ፋብሪካ ገቡ። ድርጅቱ ተናዶ ይሆናል፣ አገሪቱ ግን አተረፈች። የእኛን የኢንዱስትሪ ፓርኮች ስታዩ ከዚህ ጋር አስተያዩዋቸው። ጨርቁ፣ ክሩ፣ አዝራሩ ሁሉ ከውጭ ከመጣ፣ እኛ የሸጥነው የሰው ጉልበት ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ከአጎዋ፣ ያለ ቀረጥ ወደ ገበያዋ ከሚያስገባው ዕድል፣ ስታስወጣን ስንቱ እንደተበተነ አይታችኋል። ከፓርኩ የወጣው ልጅ የራሱን ወርክሾፕ መክፈት ይችላል ወይ? ድሬዳዋ ላይ ፓርክም አለ፣ ከነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ነፃ የንግድ ቀጠናም አለ። ጥያቄውን እዚሁ ጠይቁት።

መንገዱን በአጭሩ። ይህች ከተማ ባቡሩ የወለዳት ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1902 ሐዲዱ እዚህ ደረሰ። አሁን የኤሌክትሪኩ ባቡር አለ። ከጅቡቲ ዕቃ ጭኖ የሚመጣው ኮንቴይነር ግን ብዙው ባዶውን ነው የሚመለሰው፤ አገሪቱ ከምትልከው እጅግ የበለጠ ታስገባለችና። ለባዶ ኮንቴይነር መመለሻ የሚከፈል ገንዘብ አለ። በርካሽ ዋጋ ተደራድሮ የሚሞላው ሰው የት ነው? የድሬ ልጅ ዓይኑ ታይዋን በሚባለው የከተማችን ገበያ ላይ ነው። የሚገባውን ዕቃ ዋጋ እስከ ሳንቲሙ ያውቃል፤ የሚወጣውን ግን ጠይቁት።

ከሁሉ የሚከብደው መምረጡ ነው። የወጪ ንግድ ሰነዶቻችን የትኩረት ዘርፍ ብለው የሚዘረዝሩት የሠርግ ጥሪ ይመስላል፤ ማንም እንዳይቀየም ሁሉም ይገባል። ቡና፣ ሰሊጥ፣ ሥጋ፣ ቆዳ፣ ማር፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ አበባ፣ ማዕድን፣ ቱሪዝም… ብሩ አንድ፣ ዶላሩ አንድ፣ ጎበዝ ባለሙያው ጥቂት። አበባው እንዴት እንዳደገ ተመልከቱ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከሞላ ጎደል ዜሮ ነበር። መንግሥት መሬት፣ የልማት ባንክ ብድርና የአየር ጭነት ባንድ ላይ አሰለፈለት። ገዢው ሆላንድ መሆኑም ታውቋል፣ አበባው ስንት ሰዓት ላይ መድረስ እንዳለበትም ታውቋል። ያን ያህል ትኩረት ለአሥራ ሁለት ዘርፍ በአንዴ አይሰጥም። ስለዚህ ረቂቃችሁ ላይ አንድ ገጽ ጨምሩ፦ በሚቀጥሉት አምስት ዓመታት ልዩ ድጋፍ የማንሰጣቸው ብላችሁ በስም ጻፉ። ስብሰባው ላይ ይጮሁባችኋል። ገጹ ይውጣ የሚል አለቃም ይመጣል። ያውጣው፤ እናንተ ግን ሳትጽፉት አትቅረቡ።

ለመጀመሪያ ሥራ ይህችን ውሰዱ። አንድ ምርት ምረጡ። ከእኛ አካባቢ የሚወጣ አንድ ኮንቴይነር ወይም አንድ የጭነት መኪና ተከታተሉ፤ ከገበሬው በር እስከ ጅቡቲ። የሰበሰበው ማን ነው፣ ስንት ጨመረበት፣ የት ቆመ፣ ለምን ቆመ፣ የትኛው ወረቀት ስንት ቀን ፈጀ፣ ትራንዚተሩ፣ የጉምሩኩን ጉዳይ የሚያስፈጽመው ሰው፣ ስንት ወሰደ። ሁለት ዓምድ አድርጉ፦ አንዱ በብር፣ አንዱ በቀን። ላኪዎቹ መጀመሪያ ላይ አያወሯችሁም፤ ከጉምሩክ የመጣችሁ ይመስላቸዋል። የማኅበሩን ሊቀ መንበር ብቻ አነጋግራችሁ አትመለሱ፣ ሾፌሩንም የመጋዘን ጠባቂውንም ጠይቁ፤ ሾፌር የማያውቀው የለም። የጨረሰ ወረቀቱን ይዞልኝ ይምጣ። ጧት ጧት ከዚራ አልጠፋም፤ ሻዩ በኔ ነው።