ልቧ በደንብ እየረጨ ለምን ታለከልካለች?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴን ታሪክ ያነበብኩ መሰለኝ። እናትሽ 61 ዓመታቸው ነው፤ 98 ኪሎ ይመዝናሉ፤ አንድ ፎቅ ለመውጣት ሁለቴ ይቆማሉ። ሐኪሙ «ልባቸው በደንብ ይረጫል፣ ግን የልብ ድካም አለባቸው» ብሎሻል። «ውፍረቱ ነው ወይስ ልቧ? ትንቀሳቀስ ወይስ ትረፍ?» ነው ያልሽው። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እነዳለሁ። ግን ይኸው በሽታ እኔም ላይ ስላለ የደረሰብኝን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ያስደነገጠኝ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ነው። ጫማዬን ላወልቅ ጎንበስ አልኩ። ክሩን ሳልፈታ ደረቴ ታፈነ። ቀና ብዬ ግድግዳውን ያዝኩ። አጠገቤ የነበሩ እናት «ምነው ልጄ፣ ደህና ነህ?» አሉኝ። «ደህና ነኝ» አልኩ። በሳምንቱ ክር የሌለው ጫማ ገዛሁ። ያኔ 112 ኪሎ ነበርኩ። ያየኝ ሁሉ «አሜሪካ ተስማምቶሃል» ይለኝ ነበር፤ እኔም ማለክለኩ የውፍረት ነው ብዬ ተውኩት። ጎንበስ ሲሉ ትንፋሽ ማጠር የልብ ድካም ምልክት ሊሆን እንደሚችል ያወቅኩት በኋላ ነው። እናትሽ ጫማ ሲያስሩ ወይም ቤት ሲጠርጉ ምን እንደሚሰማቸው ጠይቂያቸው።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ውፍረቱና ልባቸው ተለያይተው የሚታዩ አይደሉም። ልብ ሁለት ሥራ አለው፤ ተጨምቆ ደም ይረጫል፣ ከዚያ ላልቶ ደም ይሞላል። ኢኮ በሚባለው የልብ አልትራሳውንድ ላይ «ኢጄክሽን ፍራክሽን» የሚሉት ቁጥር የሚነግርሽ ስለ መርጨቱ ነው። የእኔ 60 በመቶ ነበር፤ ጤነኛ ሰው ያለው ቁጥር ነው። የእኛ ችግር መላላቱ ላይ ነው።

ሰውነት ሲገዝፍ የደሙ መጠንም አብሮ ይጨምራል። ልብ ያን ሁሉ ለዓመታት ሲገፋ ግድግዳው ይወፍራል፣ ይደነድናል። ልብ ዙሪያ የሚጠራቀመው ስብ ቦታ ያጣብበዋል። ኩላሊትም ጨውና ውኃ አላስወጣ ይላል። ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ሌሊት እያንኮራፉ ትንፋሽ መቋረጥ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ቁጭ ብለው ሲያወሩ ምንም የለም። ደረጃ ሲጀምሩ ልብ ይፈጥናል፤ ለመሙላት የሚያገኘው ጊዜ ያጥራል። የደነደነ ልብ ቶሎ አይላላም፤ ግፊቱ ወደ ኋላ ወደ ሳንባ ይመለሳል። ማለክለኩ ከዚህ ይመጣል። ተጋድመው የተነሱት ኢኮ ይህን ላያሳይ የሚችለውም ለዚህ ነው።

የደም ምርመራውንም ነገር ልንገርሽ። ቢኤንፒ የሚባለው ልብ ሲጨናነቅ ከፍ ይላል። ወፍራም ሰው ላይ ግን ዝቅ ብሎ ሊወጣ ይችላል። የእኔ «ኖርማል» ነው ተባለና የመጀመሪያው ሐኪም «ክብደት ቀንስ» ብሎ ሸኘኝ። ስድስት ወር ባከነ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እግሬ አብጦ፣ ስጋደም ስለሚያፍነኝ በሦስት ትራስ መተኛት ስጀምር ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ብስክሌት እያስነዱ የልቤን ግፊት ሲለኩ ነው የታወቀው። እናንተ ሐኪሙ ገና ከጅምሩ ነግሯችኋል፤ ትልቅ ነገር ነው።

ይረፉ ወይስ ይንቀሳቀሱ? ይንቀሳቀሱ። ዘመድ «አረፍ በይ» የሚለው ከፍቅር ነው፤ ግን ይጎዳል። ድካሙ የልብ ብቻ አይደለም። የጭን ጡንቻም ስብ ይገባበታል፤ የደረሰውን ኦክስጅን በደንብ መጠቀም ያቅተዋል። ጡንቻው ሲበረታ ልብ ባይለወጥ እንኳ ሰው ብዙ ይሄዳል። በ2016 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ይህ በሽታ ያለባቸው 100 ወፍራም አረጋውያንን ለ20 ሳምንት ተከታትሏል። ምግብ መቀነስ ብቻውን ረዳ፤ እንቅስቃሴ ብቻውን ረዳ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ የበለጠ ረዱ።

እኔ የጀመርኩት ክረምት ላይ ስለነበር ሞል ውስጥ ነው። አራት ደቂቃ እሄዳለሁ፣ አግዳሚው ላይ ቁጭ እላለሁ፣ እንደገና አራት ደቂቃ። እያወሩ መሄድ ካቃተ ፈጥነሻል ማለት ነው። ክሊኒክ በስድስት ደቂቃ የሄድኩት መጀመሪያ 290 ሜትር ነበር፤ ከዘጠኝ ወር በኋላ 380 ሆነ። ክብደቴም 97 ገባ። ሴማግሉታይድ የሚባለው መርፌም ረድቶኛል። በ2023 በወጣ ጥናት 529 እንደ እኔ ያሉ ሰዎች ተሳትፈው ነበር፤ መርፌውን የወሰዱት በዓመት ውስጥ ከክብደታቸው በአማካይ 13 በመቶ ገደማ ቀንሰዋል፣ የሚራመዱትም ርቀት ጨምሯል። ዋጋው ግን ከባድ ነው። ስለዚህ ከመርፌው በፊት ሐኪሙን ኢምፓግሊፍሎዚን ወይም ዳፓግሊፍሎዚን ይስማማቸው እንደሆነ ጠይቂው። የስኳር መድኃኒት ተብለው የመጡ ናቸው፤ ለዚህ ልብም ይሰጣሉ።

ቁጭ ብለውም የሚያለከልኩ ከሆነ ወይም ደረታቸውን ካመማቸው ግን እግር ጉዞው ይቆይ፤ ቶሎ ሐኪም ይያቸው።

ምግብ ላይ እንጀራውን ከመቀነስ እኩል ጨውን ተከታተይ። በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፤ ወጡ ላይ ሌላ ይጨመራል። ለእርሳቸው ያለ ጨው አስፈጪላቸው። በጾም ወቅት ደግሞ ዘይቱን ቀንሺ። መድኃኒት የሚወስዱበትን ሰዓት ከሐኪሙም ከንስሐ አባታቸውም ጋር ተነጋገሩ።

ሚዛን ግዢና አልጋቸው አጠገብ አድርጊው። ጠዋት ሽንት ቤት ደርሰው ሲመለሱ፣ ሳይበሉ ይመዘኑ፤ ደብተር ላይ ጻፊው። በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ከጨመሩ ውኃ ነው፤ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ደውዪ። ከቁጥሩ አጠገብ ሌሊቱን በስንት ትራስ እንደተኙም ጻፊ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ያን ደብተር ይዘሽ ግቢ።