የወፍ ጥፍር ቤት ውስጥ ስለመቁረጥ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ፣ የጥፍር ነገር በየጊዜው ስለምትጠይቁኝ ዛሬ አንድ ላይ ልመልስ፣ ጣሉ ጥያቄ።

ጥ፦ መርዘሙን በምን አውቃለሁ?
መ፦ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አቁመው። ጥፍሩ ጣቱን ወደ ላይ ካነሳው ወይ ወደ ጎን ካጣመመው ረዝሟል ማለት ነው፣ መጋረጃና ፎጣ ላይ እየተያዘበት ከተቸገረም እንደዛው። እጄን ቧጨረኝ ብለህ ግን መቁረጫ አታንሳ፣ እሱ ሹል ስለሆነ ነው፣ ጫፉን በሞረድ ሁለት ሶስቴ ሳብ ሳብ ብታደርገው ይበቃዋል።

ጥ፦ የኔ ባጂ (ትንሽዬ የበቀቀን ዓይነት) ጥፍሩ ነጣ ያለ ነው፣ የእህቴ በቀቀን ደሞ ጥቁር። እስከየት ነው ሚቆረጠው?
መ፦ ነጣ ያለው ውስጥ ሮዝ መስመር ይታይሻል፣ ደም ስሩ እሱ ነው፣ ሳትደርሺበት አቁሚ። ጥቁሩ ላይ ምንም ስለማይታይ ጫፍ ጫፉን ብቻ፣ በአንዴ አንድ ሚሊሜትር እንኳን ሳይሞላ። በጣም የረዘመ ጥፍር ውስጥ ደም ስሩም አብሮ ስለሚረዝም በአንድ ቀን ላሳጥረው ብሎ ነገር የለም። ለትንንሾቹ የህፃን ጥፍር መቁረጫ ይሆናል።

ጥ፦ ስይዘው ይታገለኛል፣ ጠበቅ ላርገው?
መ፦ ኧረ በፍጹም! ይሄን ሁላችሁም ስሙኝ፣ ወፍ እንደኛ ድያፍራም (ከሳንባ ስር ሆኖ የሚያስተነፍሰን ጡንቻ) የለውም፣ ሚተነፍሰው የደረቱን አጥንት ወደፊትና ወደኋላ እያንቀሳቀሰ ስለሆነ ደረቱን ከጨመቅከው አፍና አፍንጫው ክፍት ሆኖም ታፍኖ ይሞታል። ጀርባው መዳፍህ ላይ ይረፍ፣ ጭንቅላቱን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ግራና ቀኝ ያዝ፣ ክንፉን በስስ ፎጣ ሸፍን፣ ደረቱ ግን ነጻ ይሁን። ሁለት ሰው ከሆናችሁ አንዱ ይያዝ አንዱ ይቁረጥ። አፉን ከፍቶ ማለክለክ ከጀመረ ልቀቀው፣ የቀሩት ጣቶች ነገ ይደርሳሉ።

ጥ፦ ቢደማስ? እሱን ፈርቼ ነው ማልሞክረው
መ፦ ስቲፕቲክ ፓውደር ሚባለውን የደም ማቆሚያ ዱቄት ሳትጀምሪ ክፍት አርገሽ አስቀምጪ። ከሌለሽ የበቆሎ ስታርች ወይ ተራ ዱቄት ጥፍሩ ጫፍ ላይ ጫን አርገሽ አንድ ሁለት ደቂቃ ያዢ። 30 ግራም ሚመዝን ባጂ ጠቅላላ ደሙ 3 ሚሊ ሊትር ገደማ ስለሆነ ትንሽ ነው ብለሽ አትተዪው፣ አልቆም ካለ ቀጥታ የእንስሳት ሐኪም ጋ።

ጥ፦ መብረር እየተማረ ያለ ጫጩትስ?
መ፦ ተዉት፣ እንዳይወድቅ የያዘው እሱ ሹል ጥፍር ነው።

ጥ፦ የአሸዋ ወረቀት የለበሰ ማረፊያ ይሰራል?
መ፦ መዳፉን ይልጠዋል፣ ጥፍሩን ግን እምብዛም አይነካውም፣ እኔ እስካሁን ለምን እንደሚሸጥ አልገባኝም። ወፍራምም ቀጭንም የተፈጥሮ ቅርንጫፍ ቀላቅላችሁ አስገቡ። ሻካራ የሲሚንቶ ማረፊያ ከፈለጋችሁ አንድ ብቻ፣ ሚተኛበት ቦታ ላይ አይሁን እንጂ።

ጥ፦ በቆረጥኩለት ቁጥር ቶሎ ያድጋል፣ ምንቃሩም እየረዘመ ነው
መ፦ ይሄ የመቁረጥ ጉዳይ አይደለም ወንድሜ። ባጂ ላይ በተለይ የጉበት በሽታ ጥፍርና ምንቃርን አብሮ ያስረዝማል፣ ምንቃሩና እግሩ ላይ ነጭ ቅርፊት ካየህ ደሞ እከክ አምጪ ተባይ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው፣ ምንቃሩን ቤት ውስጥ እንዳትነካው።